አንድ ፊደል ጽፎ ዝም የሚል ኪቦርድ፦ የዩኤስቢ ኮንትሮለር ኢንተራፕት ላይ እርዱኝ

ቦርከና_ዳር · ኮምቦልቻ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ጀመዓው።

ኮምቦልቻ ነኝ፣ የ4ኛ ዓመት ተማሪ። ክረምቱን ሙሉ የራሴን ትንሽዬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስጽፍ ነው የከረምኩት። አትሳቁብኝ። ይነሳል፣ ስክሪን ላይ ይጽፋል፣ ቀኝ ጥግ ላይ ሰከንድ የምትቆጥር ሰዓት አለችው። እናቴ "ሰዓት ለማየት ነው ክረምቱን ሙሉ ቤት የዋልከው?" ትለኛለች።

አሁን የያዘኝ ኪቦርዱ ነው። ማሽኑ ደሴ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ሐረጎን ስንወርድ ጭኔ ላይ አቅፌ ነው ያመጣሁት። የድሮው ክብ የኪቦርድ ቀዳዳ የለውም፣ ዩኤስቢ ብቻ። ኮንትሮለሩ (የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን የሚያስተዳድረው ቺፕ) ኤክስኤችሲአይ የሚባለው ዓይነት ነው። ስለዚህ ድራይቨሩን ከዜሮ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

እስካሁን የደረስኩበት ይሄ ነው። ኮንትሮለሩን ከባዮስ ተረክቤ ሪሴት አደርገዋለሁ። የኮማንድ ሪንግና የኢቨንት ሪንግ አዘጋጃለሁ፤ ሜሞሪ ላይ ያሉ፣ ሲያልቁ ከመጀመሪያው የሚዞሩ ወረፋዎች ናቸው፣ በአንዱ እኔ አዛለሁ፣ በሌላው ኮንትሮለሩ የሆነውን ይጽፍልኛል። ለኪቦርዱ አድራሻ እሰጠዋለሁ፣ ዲስክሪፕተሩን (ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ የሚናገረውን መረጃ) አነባለሁ፣ አዋቅረዋለሁ። ይህን ሁሉ ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ሲፒዩውን የሚቀሰቅስበትን ጥሪ) ሳልከፍት፣ ሪንጉን ራሴ እየተመላለስኩ እያየሁ ነው የማደርገው። እዚህ ድረስ አንድም ችግር የለም። ከዚያ ኢንተራፕቱን በኤምኤስአይ (በፒን ሳይሆን በመልእክት በሚላክበት መንገድ) እከፍታለሁ። "ኤ"ን ስጫን "ኤ" ስክሪኑ ላይ ወጣ። ያን ለታ ዘልያለሁ።

ከዚያች "ኤ" በኋላ ግን የፈለግኩትን ብጫን ምንም የለም። አጥፍቼ ሳስነሳው አንድ ፊደል፣ ከዚያ ዝም። ሃያ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ ሃያውም ያው ነው። ኮዱን ከማንበቤ ብዛት አሁን ዓይኔ ማየት አቁሟል።

ፍላሽ_ጠጋኝ · ደሴ · 3፡41

ኪቦርዱን ቀይረህ ሞክረሃል?

ቦርከና_ዳር · 3፡44

ሶስት ቀይሬያለሁ። አንዱ የጎረቤት ነው፣ ነገ መመለስ አለብኝ።

ደረቅ_ሶልደር · ደሴ · 3፡58

የዩኤስቢ ኪቦርድ የሚሠራው በኢንተራፕት ኢንድፖይንት (ዳታው በሚወጣበት የኪቦርዱ ጫፍ) ነው። ኢንተራፕቱን የሚልከው ኪቦርዱ ነው ማለት ነው። አንዴ ልኮ ካቆመ ኪቦርዱን ስታዋቅረው የሆነ ነገር አጥፍተሃል። ኮንትሮለሩን ተወው፣ እዚያ ላይ ፈልግ።

ሽቦ_እና_ሻይ · ደሴ · 4፡10

ደረቅ ወንድሜ፣ ይሄ ስም ስንቱን ሰው አሳስቷል መሰለህ። ኢንተራፕት ትራንስፈርና የሃርድዌር ኢንተራፕት የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ኪቦርድ ራሱ ተነስቶ አይናገርም። ኮንትሮለሩ በየተወሰነ ሚሊሰከንድ "የምትሰጠኝ አለ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ኪቦርዱ ከሌለው "የለም" ይላል፣ ሲፒዩው ይህን ወሬ አይሰማም። ካለው ይሰጣል። ኮንትሮለሩ ተቀብሎ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና ሲፒዩውን ይቀሰቅሳል። ቀስቃሹ ኮንትሮለሩ ነው። በድሮው ክብ ቀዳዳ ግን የራሱ መስመር ነበረው፣ አይአርኪው 1፣ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሲፒዩው ይቀሰቀስ ነበር። ግራ መጋባቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቦርከና፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተቆረጠ እንወቅ። ከኪቦርዱ እስከ ኮንትሮለሩ ነው ወይስ ከኮንትሮለሩ እስከ ሲፒዩው?

የሐረጎ_ጭጋግ · ደሴ · 4፡32

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ፊደሉ ከቆመ በኋላ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ትቆጥራለች ወይስ እሷም ቆማለች?

ቦርከና_ዳር · 4፡35

ትቆጥራለች ጋሼ። ስክሪኑ ላይ እሷ ብቻ ናት የምትንቀሳቀሰው።

የሐረጎ_ጭጋግ · 4፡50

ጥሩ። እንግዲያው ሲፒዩህ ደህና ነው። የኪቦርዱ ሃንድለር (ኢንተራፕት ሲመጣ የሚሮጠው ኮድ) ውስጥ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ የታይመሩ ኢንተራፕትም መግቢያ ባጣ፣ ሰዓቷም በቆመች። እናትህ የናቋት ሰዓት ዋጋ አላት በላቸው።

አሁን እሷኑ ተጠቀምባት። የታይመሩ ኮድ በየሰከንዱ የኢቨንት ሪንጉን ቦታዎች ስክሪን ላይ ያውጣልህ። እያንዳንዱ ቲአርቢ (የሪንጉ አንድ ቦታ) 16 ባይት ነው። ፊደሉ ከወጣ በኋላ እስከ ስንተኛው ቦታ እንደተጻፈ ቁጠርና ንገረን። ምንም ነገር እንዳታስተካክል። እይ ብቻ።

ቦርከና_ዳር · ረቡዕ ከሰዓት 10፡15

ትናንት ማታ መብራት ሄደ፣ አሁን ነው ያየሁት።

ከኪቦርዱ ዝግጅት 14 ቦታዎች ተሞልተዋል። ቆጥሬያቸዋለሁ፦ ፖርቱ ሲገናኝ አንድ፣ ሪሴት ሲጨርስ አንድ፣ መጀመሪያ ለሙከራ የላክኋት ባዶ ኮማንድ አንድ፣ የቀረው የአድራሻ፣ የዲስክሪፕተርና የማዋቀሪያ መልስ ነው። 15ኛው "ኤ"ን ስጫን የመጣው ነው። የገረመኝ 16ኛው ነው። እሱም ተጽፏል! የሳይክል ቢቱም (አዲስ መሆኑን የማውቅባት ምልክት) 1 ነው። 17ኛው ባዶ ነው።

16ኛው ጣቴን ያነሳሁበት ነው አይደል? ኮንትሮለሩ ጽፎታል። እኔን ግን አልጠራኝም።

የሐረጎ_ጭጋግ · 10፡40

በለው! እራስህ አገኘኸው እኮ።

ጎረቤት ቡና አፍልቶ ልጅ ሲልክብህ አስብ። ልጁ መጥቶ "ቡና ደርሷል፣ ኑ" ይልህና በሩ ላይ ይቆማል። "እሺ፣ መጣሁ" እስክትለው ድረስ አይሄድም፣ ሁለተኛም አይጠራህም። ቶናው ቢቀዳ፣ በረካው ቢቀዳ ልጁ እዚያው በርህ ላይ ነው።

ኤክስኤችሲአይም እንዲሁ ነው። ኢንተራፕት ሲያነሳ "ሃንድለሩ ሥራ ላይ ነው" የምትል ቢት አብሮ ያነሳል። ኢኤችቢ ይሏታል። እሷ 1 ሆና እስካለች ኢቨንቱን ሪንጉ ላይ ይጽፍልሃል፣ አዲስ ኢንተራፕት ግን አይልክም። የምትጠፋው ኢአርዲፒ የሚባለው ሬጂስተር (ኮንትሮለሩ ላይ ያለ ትንሽ መጻፊያ ቦታ) ላይ ነው፣ ቢት 3። እዚያ ሬጂስተር ላይ "እስከዚህ ቦታ አንብቤያለሁ" ብለህ አድራሻ ትጽፋለህ። ቲአርቢ የሚቀመጠው በ16 ባይት ልክ ስለሆነ የአድራሻው የታች 4 ቢቶች ምንጊዜም ዜሮ ናቸው፣ ስለዚህ ለሌላ ሥራ አዋሏቸው። ልብ በል፦ ይህች ቢት ዜሮ ብትጽፍባት አትጠፋም። የምትጠፋው 1 ስትጽፍባት ነው።

ሃንድለርህ መጨረሻ ላይ ኢአርዲፒን ስትጽፍ ቢት 3ን ትጨምራለህ?

ቦርከና_ዳር · 10፡52

ጋሼ፣ አፈርኩ። ማዘጋጃው ኮድ ላይ ጨምሬዋለሁ። ኢንተራፕቱን ከመክፈቴ በፊት ያጸዳሁት በእሱ ነው። ሃንድለሩ ውስጥ ግን አድራሻውን ብቻ ነው የምጽፈው። አንደኛዋ "ኤ" የወጣችው ለዚያ ነዋ! ላስተካክለውና መጣሁ።

ቦርከና_ዳር · 11፡05

አልሃምዱሊላህ!!! ይጽፋል። የሰፈሩን ሰው ስም ሁሉ ጻፍኩበት። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜዎትን ያርዝምልኝ።

ሽቦ_እና_ሻይ · ረቡዕ ማታ 1፡30

ደስ ሲል! ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ኤምኤስአይ ሳይሆን የድሮውን የኢንተራፕት ፒን ለምትጠቀሙ።

በኤምኤስአይ ኮንትሮለሩ ኢንተራፕቱን የሚያስተላልፈው ሜሞሪ ላይ እንደ መጻፍ አድርጎ ነው፣ አይፒ የምትባለዋን ቢትም ራሱ ያጠፋታል። (የኔትወርኩ አይፒ አይደለችም፣ "ያልተነሳ ጥሪ አለ" የምትል ቢት ናት።) በፒን ከሆነ ግን የምታጠፋት አንተው ነህ። ካላጠፋሃት መስመሩ እንደተነሳ ይቀራል። ከሃንድለሩ ስትወጣ እንደገና ትገባለህ፣ ስትወጣ ትገባለህ፣ ማሽኑ ሌላ ሥራ አይሠራም።

የሐረጎ_ጭጋግ · 1፡47

ልክ ነሽ። አይፒን ካጠፋችሁ በኋላ ስታተስ ሬጂስተሩ (የኮንትሮለሩን ሁኔታ የሚያሳየው) ላይ ያለችውንም የኢቨንት ኢንተራፕት ቢት ማጥፋት እንዳትረሱ።

ሽቦ_እና_ሻይ · 1፡55

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ስታተሱ፣ ከዚያ አይፒ። አይፒን አስቀድመው ካጠፉ በሁለቱ መሃል አዲስ ጥሪ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ስታተሱን ሲያጠፉ አዲሱን ጥሪ አብረው ይጠርጉታል። ስፔሲፊኬሽኑም ይህንኑ ያስጠነቅቃል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ፣ ሰው የሚያሳብድ ስህተት ከዚህ ነው የሚወለደው።

የሐረጎ_ጭጋግ · 2፡03

እውነትሽን ነው። ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ። ከላይ የጻፍኩትን ትቼዋለሁ፣ እንዳለ ይቀመጥና ሰው ይማርበት።

ፍላሽ_ጠጋኝ · 2፡20

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። አንድ የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ አለ። አልፎ አልፎ "አይአርኪው 16ን ማንም አላነሳውም" የሚል መልእክት ያመጣና ከዚያ በኋላ ዩኤስቢው ይንቀረፈፋል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሽቦ_እና_ሻይ · 2፡34

አዎ፣ በደንብ። የፒን መስመር የጋራ ነው። አንድ መስመር ላይ ዩኤስቢም ሌላም ካርድ ሊኖር ይችላል። መስመሩ ሲነሳ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሁሉንም ሃንድለሮች በተራ "ያንተ ነው?" ይላቸዋል። እያንዳንዱ የራሱን ስታተስ አይቶ "የኔ ነው" ወይም "የኔ አይደለም" ማለት አለበት። ከ100,000 ጥሪ ከ99,900 በላዩን "የኔ ነው" የሚል ከጠፋ ሊኑክስ ያንን መስመር ዘግቶ ያንን መልእክት ይጽፋል። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚቃኘው፣ መንቀርፈፉ ለዚያ ነው። ጥፋተኛው ዩኤስቢው ላይሆን ይችላል፣ መስመሩን የተጋራው ሌላ ካርድ ሊሆን ይችላል። ፕሮክ የሚባለው ፎልደር ስር ያለውን ኢንተራፕትስ የሚባል ፋይል ክፈትና 16 ላይ እነማን እንዳሉ እይ።

ደረቅ_ሶልደር · ሐሙስ ጠዋት 2፡10

ቀደም ሲል ስቻለሁ፣ እሺ። ግን አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ ኪቦርድ? ታይመር አለህ። በየ10 ሚሊሰከንዱ የኢቨንት ሪንጉን ቀጣይ ቦታ እይ፣ ካለ አንሳ፣ ከሌለ ተመለስ። በሰከንድ 100 ጊዜ ማየት ለዛሬ ሲፒዩ ምንም ማለት አይደለም። ኢኤችቢ የለ፣ አይፒ የለ፣ ሰላም።

የሐረጎ_ጭጋግ · 3፡00

ለኪቦርድ ብቻ ከሆነ አልቃወምህም። እንዲያውም ሃንድለሩ ሲያስቸግር መጀመሪያ እንዲህ ቃኝቶ ሪንጉ በትክክል መነበቡን ማረጋገጥ ጥሩ መንገድ ነው። ነገ ፍላሽ ሲሰካ ግን እያንዳንዱ ንባብ 10 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ያኔ ልጁ ፋይል ኮፒ እያደረገ ሐረጎን በእግሩ ወጥቶ ይመለሳል።

ሽቦ_እና_ሻይ · 3፡15

የደረቅ ሐሳብ ግን መሠረት አለው። ኢንተራፕት ሲበዛም መከራ ነው። ራስበሪ ፓይ የሚባሉትን ትንንሽ ኮምፒውተሮች፣ የመጀመሪያዎቹን ተመልከቱ። የዩኤስቢ ኮንትሮለራቸው ዘገምተኛ መሣሪያዎችን በፈጣን ሃብ በኩል የማገናኘቱን ሥራ ለሶፍትዌሩ ነበር የተወው። ዩኤስቢ 2 በየ125 ማይክሮሰከንዱ አንድ ማይክሮፍሬም አለው፣ ስለዚህ ሲፒዩው ለዩኤስቢ ብቻ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይቀሰቀስ ነበር። ያቺ ሚጢጢ ሲፒዩ! በኋላ ይህን ሥራ የአርም ሲፒዩ ያለው ፈጣን የኢንተራፕት ዓይነት ውስጥ አስገቡትና ቀለል አለ።

ኤክስኤችሲአይ ለዚህ መላ አለው። በሁለት ኢንተራፕት መሃል ትንሹን ርቀት የምትወስንበት ሬጂስተር አለ። አንዱ ቁጥር 250 ናኖሰከንድ ነው። ሳትነካው 4000 ነው፣ ማለትም 1 ሚሊሰከንድ። ሊኑክስ በራሱ ወደ 40 ማይክሮሰከንድ ያወርደዋል። ደረቅ የሚፈልገውን እረፍት ሃርድዌሩ ራሱ ይሰጠዋል።

ቦርከና_ዳር · ዓርብ ማታ 2፡40

ተመለስኩ። ሳቁብኝ።

ሁለት ቀን ደህና ሠራ። ዛሬ ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ ረጅም ጽሑፍ ስጽፍ መሃል ላይ ስታክ አደረገ። አስነሳሁት፣ ጻፍኩ፣ እንደገና ስታክ። በፊት አጭር አጭር ስለምጽፍ አልደረስኩበትም መሰለኝ። ጋሼ ሳይጠይቁኝ ልናገር፦ በዚህኛው ሰዓቷም ትቆማለች።

የሐረጎ_ጭጋግ · 2፡48

አሁን ነገሩ ሌላ ነው። ሲፒዩህ ሃንድለሩ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። ስንት ፊደል ላይ ነው የሚቆመው?

ቦርከና_ዳር · 3፡30

"ኤ"ን እየቆጠርኩ መታሁ። 121። ሁለተኛ ጊዜ ስቆጥር 90 ላይ መብራት ሄደ። ከመጣ በኋላ ከመጀመሪያ ጀመርኩ፣ አሁንም 121። ደግሞ የሚገርመው 121ኛዋ "ኤ" ትወጣለች፣ ጣቴን ሳነሳ ነው የሚደርቀው። ሶስተኛ ጊዜ ቀስ ብዬ፣ ቁልፉን ተጭኜ ይዤ አየሁት። ይዤ እስካለሁ ሰዓቷ ትቆጥራለች። ስለቅ ትቆማለች።

ሽቦ_እና_ሻይ · 3፡38

ወላሂ እንደዚህ ያለ የጠራ ሪፖርት አይቼ አላውቅም። ቁጭ በልና አስላው።

አንድ ቁልፍ ሁለት ኢቨንት ነው፣ ሲጫንና ሲለቀቅ። 121 ሲባዛ በ2፣ 242። ረቡዕ ዕለት የዝግጅቱ ኢቨንት ስንት ነው አልከን? 14። ድምሩ 256። ለኢቨንት ሪንግህ አንድ ገጽ ሜሞሪ፣ 4096 ባይት ሰጥተኸው ከሆነ፣ ለ16 ሲካፈል ስንት ነው?

ቦርከና_ዳር · 3፡40

256 😳

ግን መጨረሻ ላይ ስደርስ ወደ መጀመሪያው ቦታ እመልሰዋለሁ። ኮዱ አለ።

ሽቦ_እና_ሻይ · 3፡47

ቦታውን ትመልሳለህ። የምትጠብቀውን የሳይክል ቢትስ ትገለብጣለህ?

ሪንጉ ሲጀመር በዜሮ የተሞላ ነው። ኮንትሮለሩ በመጀመሪያው ዙር ሲጽፍ ሳይክል ቢቱን 1 ያደርጋል፣ አንተም "1 ከሆነ አዲስ ነው" ብለህ ታነባለህ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር እሱ ይገለብጠዋል፣ 0 እያደረገ ይጽፋል። በሶስተኛው እንደገና 1። አንተ ሁልጊዜ 1ን የምትፈልግ ከሆነ 256ኛውን አንብበህ ወደ 1ኛው ስትመለስ እዚያ ያለው ያረጀው ኢቨንት ነው። ሳይክሉ ግን 1 ነው። "አዲስ ነው!" ብለህ ታነሳዋለህ። ቀጣዩም 1፣ ቀጣዩም 1። የጥንቱን ኢቨንት እንደ አዲስ እያነሳህ ትዞራለህ፣ ማለቂያ የለውም። ሃንድለሩ አይመለስም፣ ሰዓቷም ለዚህ ነው የምትቆመው።

የሐረጎ_ጭጋግ · 3፡55

ከዚህ በላይ ጥሩ አድርጌ አላስረዳውም ነበር። አንድ ብቻ ልጨምር። ሃንድለርህ ውስጥ ፊደል ወደ ስክሪን ታወጣለህ አይደል? ከዚያ አውጣው። ሃንድለሩ ኢቨንቱን ያንሳ፣ ፊደሉን ወረፋ ላይ ያስቀምጥ፣ ኢአርዲፒን ይጻፍና ይውጣ። ስክሪኑን ዋናው ሉፕ ይጻፈው። ሃንድለር ውስጥ ያለህበት እያንዳንዷ ማይክሮሰከንድ ከሌሎቹ የተቀማች ናት።

ቦርከና_ዳር · 4፡30

አንድ መስመር ነበር የጎደለው። አንድ! 121 አለፈ። 300ም አለፈ። ለሶስተኛውም ዙር እንዲደርስ 600 ድረስ መታሁት፣ ጣቴ ቆሰለ። የስክሪኑንም ሥራ ከሃንድለሩ አወጣሁት። እህቴ ሽቦ፣ ጋሼ፣ ሁላችሁም ኮምቦልቻ ስትወርዱ ቡናው በኔ ነው። ልጅም ልኬ ነው የማስጠራችሁ።

ደረቅ_ሶልደር · 4፡33

በየ10 ሚሊሰከንዱ ብትቃኝ ኖሮ እኮ...

ሽቦ_እና_ሻይ · 4፡34

ብትቃኝም ያው 121 ላይ ትቆማለህ 😂 የሳይክሉ ስህተት ኢንተራፕት ኖረ አልኖረ አይሰማውም።

ቦርከና_ዳር · ቅዳሜ ጠዋት 3፡15

አብሽሩ፣ ይሄ ትንሽ ነው። "ኤ"ን ተጭኜ ይዤ ኪቦርዱን ከጀርባ ስነቅለው አንዲት ትርፍ "ኤ" ትወጣለች። ኪቦርዱ እኮ የለም! ከየት መጣች?

የሐረጎ_ጭጋግ · 3፡22

ኮንትሮለሩ ኪቦርዱን ጠይቆ መልስ ሲያጣ ያንንም እንደ ኢቨንት ይጽፍልሃል። ኢቨንቱ ላይ ጥያቄው እንዴት እንዳለቀ የሚናገር የኮምፕሊሽን ኮድ አለ። 1 ከሆነ ተሳክቷል፣ 13 ከሆነ ከጠየቅከው ያነሰ ዳታ ነው የመጣው፣ 4 ከሆነ መስመሩ ላይ ስህተት አለ። አንተ ባፈሩ (ዳታው የሚያርፍበት ሜሞሪ) ውስጥ የቀረችውን የድሮዋን "ኤ" ነው እንደገና ያነበብከው። ሃንድለርህ ኮዱን አያየውም እንዴ?

ቦርከና_ዳር · 3፡24

የቱን ኮድ?